ላይ ላዩን የተሰፋ ቁስል

በሬ የወጋኝ ገሰራ ገበያ ላይ ነው። ዘነበች እባላለሁ፤ የሮቤ ሰው ነኝ፤ ሥራዬ የከብት ንግድ ነው። ሴት ልጅ በሬ ትነግዳለች ወይ የሚል ካለ ገሰራ ወይም ብድሬ ሄዶ ይጠይቅ፤ ያውቁኛል። ባለቤቴ ሲሞት ልጃችን ብሩክ ገና ተማሪ ነበር። ዘመድ ተሰብስቦ "ሻይ ቤት ክፈቺ፣ ጠላ ጥመቂ" ሲለኝ፣ እኔ ባሌ ሲገዛና ሲሸጥ አጠገቡ ቆሜ የተማርኩትን ሥራ ያዝኩ። ብሩክን ያስተማርኩት በበሬ ነው። ዛሬ ሮቤ ባንክ ውስጥ ከረባት አስሮ ይሠራል።

የደረሰብኝን የምናገረው ቁስል ይዞ "ቻለው፣ ያልፋል" ለተባለ ሰው ነው። እኔም ተብዬ ነበር። ችዬው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይሄን የሚያወራላችሁ አልነበረም።

የዚያን ቀን የገዛናቸውን በሬዎች አይሱዙ ላይ እያስጫንን ነበር፤ እኔና ከዲጃ። ከዲጃ የንግድ ሸሪኬ ናት፤ ከእህት የማላሳንሳት ሴት። የመጨረሻው በሬ አልወጣም ብሎ እግሩን ተከለ። አንዱ ከኋላ ሳናየው በዱላ ሲያቀምሰው በሬው ዞረ። እኔ ከጎኑ ነበርኩ። ቀንዱ ጭኔ ውስጥ ሲገባ ሕመም አልተሰማኝም፤ የተሰማኝ ሙቀት ነው፤ ሙቅ ውኃ ቀሚሴ ላይ የደፉብኝ ያህል። ወደ ታች ሳይ ደሙ ጫማዬ ውስጥ እየገባ ነው።

"ያ ረቢ! ያዙልኝ!" ብላ ከዲጃ ሻርፗን ከራሷ አውልቃ ጭኔን ጠፍራ አሰረችው። ተሸክመው ቅርብ ወዳለ ክሊኒክ ወሰዱኝ።

ነጭ ጋዋን የለበሰው ሰውዬ ቁስሉን አየና "ይሰፋል፣ ቀላል ነው" አለ። "ማደንዘዣ ግን አልቆብናል። ትንሽ ይቻሉት፣ እናቴ።"

"ጎባ ሆስፒታል ድረስ ብሄድስ?" አልኩት።

"መንገድ ላይ ደምዎ ይፈስሳል። ደግሞ እርስዎ ጀግና ሴት ነዎት አሉ።"

ጀግና የምትባለው ቃል ስንቱን ሰው እንደገደለች እግዚአብሔር ይወቅ። ጀግና ስባል ዝም አልኩ። የነጠላዬን ጫፍ ነከስኩ። መርፌው ሲገባስ ይቻላል፤ ነፍሴ የወጣችው ክሩ ተከትሎ በሥጋዬ ውስጥ ሲጎተት ነው። አንዱ አለቀ ስል ሌላው ይመጣል። ከዲጃ እጄን ይዛ ዱዓ ታደርጋለች፤ እኔ እመቤቴን እጠራለሁ፤ ሰውዬው ይሰፋል። ሲጨርስ ስፌቱ እንደ ጥልፍ ያምር ነበር። ዙሪያውን በአዮዲን ጠራርጎታል። ውስጡን ግን አላጠበም፤ ምን ያህል እንደሚጠልቅም አላየም። እውነቱን ለመናገር የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መርፌ ወግቶኛል፤ ለዚያ አመሰግነዋለሁ። የሚዋጥ ኪኒን አስያዘኝና ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ብሩክ ከሥራ እየሮጠ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ አየኝና ፊቱ አመድ መሰለ።

"እማዬ፣ በቃ። ከዛሬ ወዲያ ገበያ የለም።"

"መጀመሪያ ውኃ አምጣልኝ" አልኩት።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ደህና ነበርኩ። ጎረቤት ሁሉ እየገባ ስፌቱን እያየ "እንዴት ያምራል!" ይለኛል። ቀጥሎ ግን ጭኔ ልብ ያወጣ ይመስል ትር ትር ይል ጀመር። ቆዳው ተወጠረ። ብርድ ብርድ አለኝ፤ ጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርቤ እንኳ ጥርሴ ይንገጫገጫል። አንዷ ጎረቤቴ ከሪራ የመጣ ማር ይዛልኝ መጥታ "ቁስሉ ላይ ቀቢው" አለችኝ። ስፌት ላይ ምን እቀባለሁ ብዬ በላሁት። በዚያ ሁሉ ሰሞን የጣመኝ ነገር እሱ ብቻ ነው።

ብሩክ በባጃጅ አድርጎ እዚያው ሮቤ ወደሚገኝ ሌላ ክሊኒክ ወሰደኝ። አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ይንቀጠቀጣል፣ ያስላል፣ ልጅ ያባብላል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ድምፁ ከፍ ብሎ ድራማ ያሳያል። የተጎዳ እግሬን የማሳርፍበት ቦታ አጥቼ በብሩክ ጉልበት ላይ ዘረጋሁት። ከረባቱን ወደ ጀርባው ወርውሮ እግሬን እንደ ሕፃን ታቅፎ ተቀመጠ። የዚያን ጊዜ ደስ አለኝ፤ ልጅ መውለድ ለካ ለዚህ ነው አልኩ።

ደም ተወሰደልኝ። ውጤቱ መጣ።

"ታይፎይድና ታይፈስ አለብዎት" አለኝ ባለሙያው።

"እግሬስ?"

ጎንበስ ብሎ አየው። "ስፌቱ ደርቋል፤ ያምራል። ትኩሳቱ ከታይፎይዱ ነው።"

"እኔ ግን የሚያመኝ እግሬ ነው እኮ።"

"ታይፎይድ ሰውነት ያቆራርጣል፣ እናቴ።"

እኔም አመንኩት። በእኛ አገር ትኩሳት ያለው ሰው ሁሉ ታይፎይድ ነው፤ ከዚያ ውጭ ሌላ በሽታ የለ ይመስል። የታዘዘልኝን መርፌ መወጋት ጀመርኩ። ትኩሳቱ ቀን ጋብ ይላል፣ ሲመሽ ይመለሳል። ሌሊት ግድግዳውን እያየሁ እግሬ ቢቆረጥ እንዴት አይሱዙ ላይ እወጣለሁ እያልኩ አስባለሁ። ልብ በሉ፣ ሞት አይደለም ያስፈራኝ። አንድ ጥግ ተቀምጬ ሰው እንዲያበላኝ መጠበቅ ነው ያስፈራኝ።

ከዲጃ ከብድሬ ገበያ ስትመለስ ልትጠይቀኝ መጣች። በሩን ከፍታ ገባች፤ ሁለት እርምጃ ሳትራመድ ቆመች።

"ዘነቡ፣ ይሄ ክፍል ውስጥ ምን ሞተ?"

"ምን ይሞታል? ታይፎይድ ነው አሉኝ።"

"ታይፎይድ ይሸታል እንዴ? ግለጪው።"

አልገልጥም አልኳት። እኔም ሽታውን ሰምቼዋለሁ፤ አፍሬ ነው እንጂ ዕጣን እያጨስኩ ደብቄው ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ሴት! ከዲጃ ግን አልጠየቀችኝም፤ ጋቢውን ገፈፈችው። ጭኔ ከስፌቱ በላይ እስከ ብሽሽቴ ቀልቶ አብጧል። በጣቷ ነካ ስታደርገኝ ጣራ የሚነቅል ጩኸት ጮህኩ።

"እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ አፍንጫ ግን አለኝ" አለች። "ተነሺ፤ ጎባ እንሄዳለን።"

ብሩክ ጋ ደወልን። "የጀመረችውን መርፌ ትጨርስና ቅዳሜ እኔ ራሴ እወስዳታለሁ" አለ። ስልኩን ከከዲጃ ተቀብዬ "ልጄ፣ ቅዳሜ ያንተ ነው፤ እግሩ የእኔ ነው" ብዬ ዘጋሁት።

ሚኒባሱ ውስጥ የኋላው ወንበር ላይ የነበሩት ሰዎች ሳንለምናቸው ተነስተው አጋደሙኝ። ጎባ ስንደርስ ጉሙ እስከ መስኮቱ ወርዷል፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። የሆስፒታሉ የድንገተኛ ክፍል በር ላይ ወረፋው ብዙ ነው። አንድ ሽማግሌ እጃቸው በሻሽ ታስሮ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። እኔን ሲያዩ ብድግ ብለው "ታዒ፣ ታዒ" አሉኝ፤ ተቀመጪ ማለታቸው ነው።

"አባቴ፣ እርስዎም ታመዋል እኮ" ስላቸው "የእኔ እጅ ነው፤ እጅ ቆሞ ይታከማል" ብለው ሳቁ። ጋቢያቸውን አጣጥፈው ከእግሬ ሥር አደረጉልኝ። እስኪጠሩኝ ድረስ በዚያ ብርድ ያለ ጋቢ ቆሙ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም።

ያየችኝ ሐኪም ልጅ እግር ናት፤ ድምጿ ቀጭን ነው። ሽታው እንደደረሳት አውቃለሁ፤ ፊቷን ግን አላዞረችም። ቁስሉን ሳትነካ አስቀድማ "ምን ወጋዎት? መቼ? ቀንዱ እስከ የት የገባ ይመስልዎታል? ሲሰፋ ታጥቧል?" እያለች ጠየቀችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ይሄን አልጠየቀኝም ነበር።

"የእርስዎ ቁስል ጉድጓድ ነው" አለችኝ። "አፉ ተሰፋ እንጂ ውስጡ አልጸዳም። መግሉ መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ እየሄደ ነው። ስፌቱን ከፍተን እናጥበዋለን።"

"እግሬ ይቆረጣል?"

"እንኳን ዛሬ መጡ። ትንሽ ቢቆዩ ስለሱም እናወራ ነበር።"

"ማደንዘዣ አላችሁ?"

"አለን።"

"አሳዪኝ።"

ነርሱ ደነገጠ። እሷ ግን ሳቀችና ብልቃጡን አምጥታ ፊቴ ላይ ያዘችልኝ። "ይኸው፣ እናቴ። ሳይደነዝዝዎት አንነካዎትም።"

አደነዘዘችኝ። ያ እንደ ጥልፍ ያማረ ስፌት ሲቆረጥ የወጣውን አልነግራችሁም፤ ከዲጃ ወደ ውጭ ሮጣለች። ሲያጥቡት፣ ሲያጥቡት ቆይተው ሐኪሟ በመቆንጠጫ አንድ ነገር ስባ አወጣች። ትሪው ላይ አስቀምጣ አሳየችኝ። የራሴ ቀሚስ ቁራጭ ነው፤ በጭቃና በደም ተለውሷል። በሬው ሲወጋኝ ከቀንዱ ጋር ገብቶ፣ ሰውዬው ከነጨርቁ ሰፍቶብኛል። ያን ጊዜ አለቀስኩ። አላመመኝም። ተናድጄ ነው ያለቀስኩት። ጥርሴን ነክሼ የቻልኩት ሕመም ሁሉ ለጨርቅ መቅበሪያ ነበር!

አልሰፉትም። ክፍት ሆኖ በየቀኑ ይታጠባል፤ ውስጡ ጤነኛ ሥጋ ሲያወጣ ነው የሚሰፋው አሉኝ። አልጋ ይዤ ተኛሁ። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ ጭኔ ላይ ያለውን ጉድጓድ አየሁት፤ እንቁላል ይይዛል። ራሴን ልስት ነበር። ነርሱ ደርቆ የተጣበቀውን ፋሻ ይዞ ሳብ ሲያደርገው ክፍሉ እስኪናወጥ ጮህኩ።

"አይዞሽ፣ ቻይው" አሉኝ በየአልጋው ያሉት።

"አልችልም!" አልኩ። "አንተ ልጅ፣ እጅህን አንሳ። መጀመሪያ የሕመም ማስታገሻ ስጠኝ፤ ፋሻውንም በውኃ አርጥበው።"

"እናቴ፣ እዚህ ያለው ሰው ሁሉ እየቻለ ነው" አለኝ። ብዙ ሕመምተኛ ስለነበረበት ደክሞታል፤ አልፈርድበትም።

"እየቻሉ ያሉት የጠየቃቸው ስለሌለ ነው። ጠይቃቸው እስቲ!"

ሐኪሟ ድምፄን ሰምታ ገባች። እኔን ሳይሆን ነርሱን ይዛ ወደ ጎን ሄደች፤ ምን እንዳወሩ አልሰማሁም። ከዚያ ቀን በኋላ ቁስሌ ከመታጠቡ በፊት ማስታገሻ ይሰጠኛል፤ ፋሻውም በጨው ውኃ ረጥቦ ነው የሚነሳው። አሁንም ያማል፤ ግን የሰው ሕመም ሆነ። አጠገቤ የተኛች እጇ በእሳት የተቃጠለ ልጅ ነበረች፤ ፋሻዋ ሲፈታ ከንፈሯን እየነከሰች ዝም የምትል። በሦስተኛው ቀን ይሆናል፣ ነርሱ ሲመጣላት ቀና ብላ አየችኝና "ለእኔም እንደሷ ስጠኝ" አለችው። ሰጣት። ነርሱም እየዋለ እያደረ ከመንካቱ በፊት "ልጀምር?" ብሎ የሚጠይቅ ሆነ።

ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ምግብ ማሽተት ጀመርኩ። ከዲጃ ጩኮ ይዛልኝ መጣች፤ የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ ነው፤ ለበሽተኛ ነፍስ ነው። ግን ስታጎርሰኝ ዓይኗን ትሰብራለች።

"ምን ሆነሻል?" አልኳት።

"በኋላ እነግርሻለሁ።"

"አሁን ንገሪኝ፤ እግሬ እንጂ ጆሮዬ አልታመመም።"

"ብሩክ ያን ቀን የገዛናቸውን በሬዎች ሸጣቸው" አለች። "ግቢዬ መጥቶ 'እማዬ ከእንግዲህ አትነግድም፤ ድርሻሽን ውሰጂ' አለኝ። ልጅሽ ነው፤ ምን ልበለው?"

ጩኮውን ወደ ጎን ገፋሁት።

ብሩክ ከሰዓት በኋላ ምሳ ዕቃ ይዞ ሲመጣ ተቀምጬ ጠበቅኩት።

"በሬዎቼ የታሉ?"

ምሳ ዕቃውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። "ለአንቺው ብዬ ነው። ገንዘቡን በስምሽ አስገብቻለሁ፤ አንድ ሳንቲም አልነካሁም።"

"ገንዘቡን አልጠየቅኩህም። እኔ አልሞትኩም፣ ብሩክ። ያልሞተ ሰው ንብረት አይሸጥም።"

"ልትሞቺ ነበር እኮ!" ብሎ ጮኸ፤ ክፍሉ ሁሉ ዞረ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሲደውሉልኝ ሞታለች የሚሉኝ ነው የመሰለኝ። አባቴን ቀብሬያለሁ። እናቱ በበሬ ተወግታ ሞተች እንድባል ነው የምትፈልጊው? ምን ጎደለሽ? እኔ ደመወዝ አለኝ፤ እኔ አበላሻለሁ።"

ልጄ ነው፤ ዓይኑ እንባ ሲያቀር አየሁ። እሺ ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር። እሺ ብለው ግን ምን እንደምሆን አውቃለሁ። እሱ ከሥራ እስኪመለስ በር በሩን የማይ ሴት።

"ፍርሃትህን አውቃለሁ" አልኩት። "እኔም ፈርቻለሁ። ግን አንተ ስለፈራህ እኔ አልቀመጥም። ገንዘቡ እዚያው ይቆይ፤ ስድን በሬ እገዛበታለሁ።"

ተነስቶ ሄደ። ደህና እደሪ እንኳ አላለኝም። በማግስቱ ምሳዬን ይዞ መጣ፤ ሾርባውን ራሱ አጠጣኝ፤ ስለ በሬ ግን አንድ ቃል አልተናገረም። እኔም አልተናገርኩም። እንዲህ ተኳርፈን ስንዋደድ ሰነበትን።

ጉድጓዱ ከሥር እየሞላ መጣ። አንድ ጠዋት ሐኪሟ ፋሻውን ገልጣ "እዩት፣ ቀይ፣ ንጹሕ ሥጋ ነው። አሁን ይሰፋል" አለችኝ። መርፌ ሲባል ያ የገሰራው ክር በሥጋዬ ውስጥ የሚጎተት መሰለኝና ላብ አጠመቀኝ።

"ትራስ ጨምሩልኝ፤ ሲሰፋ ማየት እፈልጋለሁ" አልኳት።

"ሰው ሁሉ አዙሩልኝ ነው የሚለው።"

"እኔ ዞሬ ነው እኮ ጨርቅ የተሰፋብኝ።"

የማደንዘዣው መርፌ እንደ ንብ ነደፈኝ፤ ከዚያ ጭኔ የሌላ ሰው ሆነ። ክሩ ሲያልፍ መጎተቱ ብቻ ይታወቀኛል። አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል፣ ሳታጠብቅ ሰፋችው። እንደ መጀመሪያው አላማረም፤ ጠማማ ነው። እኔ ግን ዓይኔን ከላዩ አልነቀልኩም። መሰፋት ለካ እንዲህም ነው! ያ ሁሉ ስቃይ የስፌት ግዴታ አልነበረም።

ክሩ ወጥቶልኝ ቤቴ ስገባ ጉልበቴ አልታጠፍ አለ። ፊዚዮቴራፒ የሚሠራው ሰው እግሬን እንዴት እንደማጥፍና እንደምዘረጋ አሳይቶኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት አጥር እየያዝኩ፣ እያለቀስኩ፣ ልጅ እንደሚማረው መራመድ ተማርኩ። መንገድ ላይ "ምስኪን፣ እንዲህ ትሁን?" የሚሉኝ ነበሩ። ዱላዬን ተደግፌ አንገቴን ቀና አድርጌ "እንደምን አደራችሁ" እላቸዋለሁ።

ገሰራ ስሄድ ወደዚያ ክሊኒክ ጎራ አልኩ። ሰውዬው አስታወሰኝ፤ ስሜን ጠርቶ ወንበር አቀረበልኝ። ጠባሳዬን አሳየሁት፤ ከውስጡ ምን እንደወጣ ነገርኩት።

"ማደንዘዣው አልቆብን ስለነበር ቸኮልኩ፤ እንዳላሳምምዎት ብዬ" አለ።

"ማለቁ ነውር አይደለም። ደሙን አስረህ 'ጎባ ሂጂ' አለማለትህ ነው ነውሩ" አልኩት። አንገቱን ደፋ። ይቅርታ አላለኝም፤ እኔም ቆሜ አልጠበቅኩትም።

እናንተም ከተቆረጣችሁ፣ ከተወጋችሁ ጠይቁ። ታጥቧል ወይ በሉ። ማደንዘዣ አለ ወይ በሉ። ቁስል ከተሰፋ በኋላ ካበጠ፣ ከሸተተ፣ ካተኮሳችሁ፣ ታይፎይድ ነው ቢሏችሁም ፋሻውን ገልጣችሁ "ይሄንን እዩልኝ" በሉ። ሲያማችሁ ጩኹ። ጨዋነት አይጎድልባችሁም።

ብድሬ የሄድኩት ከከዲጃ ጋር ነው። ለብሩክ አልነገርኩትም። ገበያው መሀል ከብቱ ሲተራመስ ሳይ የዳነው ጭኔ ውስጥ የሆነ ነገር ተኮማተረ። ከዲጃ አየችኝ።

"እኔ ልግባ፣ አንቺ ከዚህ ሆነሽ እዪ" አለችኝ።

"አይሆንም" አልኳትና ገባሁ። አንዱን ጥቁር በሬ መረጥኩ። ከፊቱ ሳይሆን በጎኑ ቀረብኩት፤ እጄን ሻኛው ላይ አሳረፍኩ። ሞቃት ነው። በሬው ጭራውን ወዘወዘ እንጂ ዞሮም አላየኝ። ባለቤቱ ዋጋ ጠራ፤ እኔ ሳቅኩ፤ ክርክር ጀመርን።

በዚህ መሀል ስልኬ ጮኸ። ብሩክ ነው።

"እማዬ፣ ቤት መጥቼ አጣሁሽ። የት ነሽ?"

"ብድሬ። በሬ እየገዛሁ ነው።"

 የበሬው ጩኸት፣ የደላላው ጩኸት በስልኩ ውስጥ ይገባለታል። ይዘጋብኛል ወይ ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ።  

"ስንት አሉሽ?" አለኝ።